ቁጥሩ ዝቅ ያለው ቢራ ለምን ይበልጥ ስኳር ስኳር አለ?

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የሚኖር አንድ ወጣት የላከልኝ ጥያቄ ይኸውና፦

«ጋሼ፣ ሰላም ነው? ቤት ውስጥ ቢራ መጥመቅ ጀምሬያለሁ። ሁለት ቢራ ጠምቄ ግራ ገባኝ። አንደኛው ስታውት የሚባለው ጥቁር ቢራ ነው። በሃይድሮሜትር (በፈሳሽ ክብደት መለኪያው) ከ1.070 ተነስቶ 1.020 ላይ ቆመ። ጠርሙስ ከገባ ወር አልፎታል። ምንም ስኳር ስኳር አይልም፤ ጓደኞቼም ወደውታል። ሁለተኛው ፈካ ያለው ፔል ኤል ነው። ከ1.050 ተነስቶ 1.016 ላይ ቀጥ አለ። መመሪያው 1.011 ይደርሳል ይላል። ዛሬ ከመለኪያው ቱቦ ቀመስኩት፤ እንደ ሽሮፕ አፍ ላይ ይጣበቃል። ብቅሉን የዘፈዘፍኩት በ156 ፋራናይት ነው። ለ5 ጋሎን 2 ፓውንድ ክሪስታል ብቅል ገብቶበታል። እርሾው ዊንድሰር ነው። ምሬት ብዙም ስለማልወድ ሆፕሱን በግማሽ ቀነስኩት፤ ስሌቱ 20 አይቢዩ (የምሬት መለኪያ) ይላል። ስታውቱ 50 ነበር። ፋይናል ግራቪቲ (የመጨረሻው ቁጥር) ዝቅ ሲል ቢራው ደረቅ ይሆናል ይባል የለ እንዴ? ታዲያ 1.016 ከ1.020 በላይ እንዴት ይጣፍጣል? አሁንስ ጠርሙስ ውስጥ ልክተተው ወይስ እርሾ ልጨምርበት?»

ወንድሜ፣ ዝርዝሩን ሁሉ ስለጻፍክልኝ ሥራዬን አቅልለህልኛል። ብዙ ሰው «ቢራዬ ጣፈጠ፣ ምን ይሻላል?» ብሎ ብቻ ይልካል።

በመጀመሪያ አንድ ነገር፦ ዛሬ ጠርሙስ ውስጥ እንዳትከተው። ምክንያቱን ወደ ኋላ ላይ እነግርሃለሁ።

ወደ ጥያቄህ ስንመጣ፣ ፋይናል ግራቪቲ ጣዕም አይለካም። የሚለካው ክብደት ነው። እርሾው በልቶ ሲያበቃ ፈሳሹ ከውሃ ምን ያህል እንደሚከብድ ይነግርሃል። ያ ክብደት ከምን እንደመጣ ግን አይነግርህም። ምላስህ ደግሞ ክብደት አያውቅም። ምላስህ የሚያውቀው የቀረው ነገር ምን ዓይነት እንደሆነና ከጎኑ ምን እንደቆመ ነው። ሁለቱ ቢራዎችህ የተለያዩት እዚህ ላይ ነው።

ቁጥሩን ትንሽ እንፍታው። ውሃ 1.000 ነው። 1.050 ስንል ከውሃ በ50 ነጥብ ይከብዳል ማለታችን ነው። እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮልና ጋዝ ሲቀይረው ቁጥሩ ይወርዳል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር አለ። አልኮል ራሱ ከውሃ ይቀላል። አንድ ሊትር ንጹሕ አልኮል 790 ግራም ገደማ ብቻ ነው የሚመዝነው። ስለዚህ ቁጥሩ የሚወርደው በሁለት ምክንያት ነው፤ ስኳሩ ስለጎደለም፣ ቀላል ነገር ስለተጨመረም። በዚህ የተነሳ ሃይድሮሜትር የቀረውን ነገር አሳንሶ ነው የሚያሳይህ።

የአንተን ስሌት ሠራሁት። ፔል ኤሉ 1.016 ቢልም በእያንዳንዱ ሊትር ውስጥ ወደ 57 ግራም የሚጠጋ ያልተበላ ነገር አለ። ስታውቱ ውስጥ ደግሞ ወደ 74 ግራም። ይህ ቀላል ቁጥር አይደለም። አንድ የ355 ሚሊ ሊትር ጣሳ ኮካ ኮላ 39 ግራም ስኳር አለው፤ በሊትር ሲሰላ 110 ግራም ይሆናል። ስታውትህ ውስጥ የቀረው ነገር ሁሉ ስኳር ቢሆን ኖሮ የኮካ ኮላን ሁለት ሦስተኛ ያህል ይጣፍጥ ነበር። አልጣፈጠም። ለምን? የቀረው ነገር በአብዛኛው ስኳር ስላልሆነ ነው።

ታዲያ ምንድን ነው? በብዛት ዴክስትሪን ነው። የብቅሉ ስታርች ረጅም የግሉኮስ ሰንሰለት ነው። ብቅሉን በሙቅ ውሃ ስትዘፈዝፈው ሁለት ኢንዛይሞች ሰንሰለቱን ይበጣጥሱታል። ቤታ አሚሌዝ የሚባለው ከጫፍ ጀምሮ ሁለት ሁለት ግሉኮስ እየቆረጠ ማልቶስ ያወጣል። ማልቶስ የእርሾ ዋና ቀለብ ነው። አልፋ አሚሌዝ ደግሞ መሃል መሃሉን እንዳገኘ ይቆርጣል። ቤታው ከ62 እስከ 65 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ደህና ይሠራል። ከዚያ ሲያልፍ ቶሎ ይሞታል። አልፋው ግን 70 ዲግሪም ድረስ ይችላል። የአንተ 156 ፋራናይት 69 ዲግሪ ሴልሺየስ ማለት ነው። በዚህ ሙቀት ቤታው ሥራውን ሳይጨርስ ተቃጥሏል። ሰንሰለቱ መሃል መሃሉን ብቻ ተቆራርጦ ቀርቷል። አራትና ከዚያ በላይ ግሉኮስ የተያያዘበት ቁራጭ ዴክስትሪን ይባላል። ተራ የቢራ እርሾ እሱን አይበላውም። ምላስም ጣፋጭ ብሎ አይቀበለውም ማለት ይቻላል። ቢራውን ወፈር ያደርገዋል፣ አፍ ላይ ይሞላል፤ በቃ።

ይህን በወሬ ከምታምነኝ ራስህ ሞክረው። ከስታውትህ አንድ ሊትር ውሰድና ሁለት ቦታ ክፈለው። አንደኛው ግማሽ ሊትር ውስጥ 5 ግራም ተራ ስኳር ጨምር። ሁለተኛው ውስጥ 5 ግራም ማልቶዴክስትሪን ጨምር። ማልቶዴክስትሪን የቢራ መጥመቂያ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ሁሉ አላቸው፤ ነጭ ዱቄት ነው። ዱቄቱን በቀጥታ ቢራው ላይ ከበተንከው አረፋው ገንፍሎ ጠረጴዛህን ያጥበዋል። አስቀድመህ በትንሽ ሙቅ ውሃ አሟሟውና ከዚያ አፍስሰው። የሁለቱም ግራቪቲ በ4 ነጥብ ገደማ ከፍ ይላል። በሃይድሮሜትር ለየው ብትባል አትለየውም። ቅመሳቸው። ስኳር የገባበት ወዲያው ያስታውቃል፤ ከንፈርህ ላይ ይቀራል። ማልቶዴክስትሪን የገባበት ግን ወፈር ከማለቱ በቀር ያው ስታውትህ ነው። ዓይኑን የታሰረ ጓደኛህ ልዩነቱን ላያገኘው ሁሉ ይችላል። ስለ ፋይናል ግራቪቲ የጻፍኩትን ሁሉ ከምታነብ ይህችን አንዲት ሙከራ ብትሠራ ይሻልሃል።

እሺ፣ ዴክስትሪን የማይጣፍጥ ከሆነ የፔል ኤሉ ጣፋጭነት ከየት መጣ? ከአራት ቦታ ነው። እኩል ግን አይደሉም።

የመጀመሪያው እርሾህ ነው። ዊንድሰር ማልቶትራዮስ የሚባለውን ስኳር አይበላም። ሦስት ግሉኮስ የተያያዘበት ስኳር ነው። አብዛኛው የቢራ እርሾ ማልቶሱን ሲጨርስ ወደ እሱ ይዞራል። ዊንድሰር ግን ትቶት ይተኛል። ጉድለት አይደለም፤ አምራቹም አይደብቀውም። የእንግሊዝ ቢራ ዓይነት ወፈር ያለ ጣዕም ለሚፈልግ ሰው ሆን ተብሎ የሚሸጥ እርሾ ነው። ማልቶትራዮስ ደግሞ ከብቅል በሚገኘው ስኳር ውስጥ ትንሽ ድርሻ የለውም፤ 15 በመቶ ገደማ ነው። እንደ ተራ ስኳር ባይጣፍጥም ከዴክስትሪን ይበልጣል። «ፍላቱ ቆመብኝ» ብለው ከሚጽፉልኝ ሰዎች ዘንድ ይህ እርሾ ደጋግሞ ይመጣል። ፍላቱ አልቆመም። እርሾው የሚችለውን በልቶ ጨርሷል።

ሁለተኛው ክሪስታል ብቅሉ ነው። ይህ ብቅል እርጥብ እንዳለ ይሞቅና ስታርቹ ቅርፊቱ ውስጥ እንዳለ ወደ ስኳር ይቀየራል። ከዚያ ይቆላል። ስኳሩ ይቃጠላል፣ ካራሜል ይሆናል። ከፊሉን እርሾ አይነካውም። ከዚያ የሚብሰው ግን ሽታው ነው። ካራሜል የሚሸት ነገር አፍንጫህ ሲገባ፣ ምላስህ ስኳር ባያገኝም ጭንቅላትህ «ጣፋጭ ነው» ይላል። ለ5 ጋሎን ፔል ኤል 2 ፓውንድ ማለት ከእህሉ አምስተኛው ገደማ ነው። ለእኔ በዝቷል። መመሪያውን የጻፈው ሰው በ35 ወይም በ40 አይቢዩ ሆፕስ እንደሚመታው አስቦ ይሆናል።

ሦስተኛው እሱ ነው፤ ሆፕሱ። ዋናውም እሱ ነው። እዚህ ላይ ልቆይበት።

ቢጄሲፒ የሚባል የቢራ ዳኞች ድርጅት አለ። ለየቢራው ዓይነት ቁጥር አውጥቷል። እንደ ሕግ አልወስደውም፤ ለማነጻጸር ግን ይመቻል። ለአሜሪካን ፔል ኤል ፋይናል ግራቪቲው ከ1.010 እስከ 1.015፣ ምሬቱ ከ30 እስከ 50 አይቢዩ ይላል። አሁን የአንተን አስቀምጠው። ግራቪቲህ ከክልሉ የወጣው በ1 ነጥብ ብቻ ነው። ሆፕስህ ግን ከዝቅተኛው በ10 አይቢዩ ይጎድላል። አንተ ግን የከሰስከው ግራቪቲውን ነው።

ምሬት ለቢራ ጌጥ አይደለም። ብቅሉ ጣፋጭ ነው፤ ሆፕሱ ያንን ይዞ ያቆመዋል። ጠማቂዎች የሚጠቀሙበት ቀላል ስሌት አለ። አይቢዩውን በመነሻው ነጥብ አካፍለው። ስታውትህ 50 ለ70 ነው፤ 0.7 ይመጣል። ፔል ኤልህ 20 ለ50 ነው፤ 0.4። ስታውቱ ላይ ሌላም አለ። የተቆላው ገብስ ራሱ እንደ ቡና ይመራል፣ ትንሽ ኮምጠጥም ያደርገዋል። 74 ግራሙ በሁለት በኩል ተይዟል። ፔል ኤሉ ውስጥ ያለው 57 ግራም ግን የሚይዘው የለም።

አንድ ምሳሌ ልጨምርልህ፣ ምክንያቱም በጣም የምወደው ነው። የጀርመን ፒልስና የቼክ ፒልስ ወንድማማቾች ናቸው። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1842 ፕልዜን ከተማ ከተጠመቀው ቢራ የመጡ ናቸው። ጀርመኑ 1.008 እስከ 1.013 ላይ ይቆማል። ቼኩ 1.013 እስከ 1.017። ልብ በል፣ የቼኩ የላይኛው ጫፍ ከአንተ ፔል ኤል ይበልጣል። ግን «የቼክ ቢራ ስኳር ስኳር ይላል» ሲል የሰማኸው ሰው አለ? ከ30 እስከ 45 አይቢዩ ሆፕስ ስላለው ነው። ወፈር ያለ፣ ዳቦ ዳቦ የሚሸት፣ መጨረሻው ላይ ግን መረር ብሎ የሚያፀዳ ቢራ ነው። ጀርመኑ ቀጠን ብሎ ሹል ነው። ቼኩ የሆፕሱን ግማሽ ቢቀንስ የአንተ ዓይነት ደብዳቤ ይጽፍልኝ ነበር።

የእኛ ጠጅስ ያው አይደል? ጠጅ ቤት ገብተህ ለስላሳ፣ መካከለኛ ወይም ደረቅ ብለህ ስታዝ የምታዘው ፋይናል ግራቪቲ ነው። ማር ውስጥ ያለው ስኳር ከሞላ ጎደል ሁሉም በእርሾ የሚበላ ነው፤ ዴክስትሪን የሚባል ጣጣ የለበትም። ስለዚህ ጠጅ ላይ ቁጥሩና ጣዕሙ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ደረቁ ጠጅ ከ1.000 በታችም ሊወርድ ይችላል። የቀረ ነገር ካለ የቀረው ስኳር ነው፤ ጌሾው ነው የሚይዘው። «ግራቪቲ ዝቅ ሲል ደረቅ ይሆናል» ያሉህ ሰዎች ስለ ጠጅ ወይም ስለ ወይን ቢሆን ትክክል ነበሩ። ብቅል ላይ ነው ነገሩ የሚጠምመው።

አራተኛው ምክንያት ደስ ሊልህ ይገባል። ፔል ኤሉን የቀመስከው ከመለኪያው ቱቦ ነው። ጋዝ የለውም፣ አልቀዘቀዘም። ስታውቱን ግን ከፍሪጅ አውጥተህ፣ አረፋውን አስነስተህ ነው የጠጣኸው። ጋዝ ራሱ ኮምጠጥ ያለና የሚቆነጥጥ ነገር ነው፤ ጣፋጭነትን ይሰብራል። ቅዝቃዜም እንዲሁ። ጋዙ የወጣ ሞቅ ያለ ለስላሳ መጠጥ ቀምሰህ ታውቃለህ? ስኳሩ ያው ነው፣ ግን አይጠጣም። ስለዚህ ከቱቦ የቀመስከው ሽሮፕ ጠርሙስ ውስጥ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ሲቀዘቅዝ ከምትፈራው ይሻላል። ሙሉ በሙሉ ግን አይድንም።

አሁን ወደ ሥራው። እርሾ ከመጨመርህ በፊት ቁጥሩ ራሱ እውነት መሆኑን አረጋግጥ። ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ስሠራ ናሙናውን ሳናራግፍና ጋዙን ሳናስወጣ ሃይድሮሜትር አንከትበትም ነበር። የጋዝ አረፋዎች መለኪያው ላይ ተጣብቀው ወደ ላይ ያነሱታል፤ ያለ አግባብ ከፍ ያለ ቁጥር ታነባለህ። ናሙናውን ከአንድ ብርጭቆ ወደ ሌላ ደጋግመህ ገልብጠው፣ ከዚያ ለካ። ሙቀቱንም እይ። መለኪያው ለ20 ዲግሪ የተሠራ ከሆነና ናሙናህ 30 ዲግሪ ከሆነ፣ ከ2 እስከ 3 ነጥብ ዝቅ አድርጎ ነው የሚያነብልህ።

የምትለካው በሪፍራክቶሜትር፣ ስኳሩን በብርሃን በሚለካው መሣሪያ ከሆነ ደግሞ ያነበብከውን እርሳው። ሁለት ጠብታ ብቻ ስለሚበቃው ሰው ይወደዋል። አልኮል ከገባበት በኋላ ግን ይዋሻል። ከ1.050 የተነሳ ቢራ በሪፍራክቶሜትር 6.5 ብሪክስ (የስኳር መጠን መለኪያ) ቢያሳይህ፣ በቀጥታ ከቀየርከው 1.026 ነው ብለህ ትደነግጣለህ። እውነተኛው ቁጥር 1.013 ገደማ ነው። ማረሚያ ስሌት አለው፤ ወይም ፍላት ከጀመረ በኋላ ሃይድሮሜትር ብቻ ተጠቀም። ስንት ደህና ቢራ በዚህ የተነሳ ያለ ጥፋቱ እርሾ ሲጨመርበት አይቻለሁ።

ቁጥሩ 1.016 መሆኑን ካረጋገጥክ አንድ ትንሽ ሙከራ ሥራ። 300 ሚሊ ሊትር ቢራ በንጹሕ ጠርሙስ ቅዳ። ማልቶትራዮስን የሚበላ ሌላ እርሾ፣ ለምሳሌ ዩኤስ-05፣ አንድ ሻይ ማንኪያ ጨምርበት። አፉን በፎይል ክደነው፤ ቆርኪ ግን አታድርግበት። ቤትህ ውስጥ ሞቅ ያለ ቦታ፣ 25 ዲግሪ አካባቢ አስቀምጠው። ሲያልፍህ ሁሉ ወዝወዝ አድርገው። ሦስት ቀን ቆይተህ ለካው። ወደ 1.012 ከወረደ፣ የቀረው ዊንድሰር የተወው ማልቶትራዮስ ነው ማለት ነው። 1.016 ላይ ከቀረ ደግሞ የቀረው ዴክስትሪን ነው፤ ምንም እርሾ ብትጨምር አትነካውም። ፋብሪካዎችም ይህንኑ ያደርጋሉ፤ ቢራው የት ድረስ ሊወርድ እንደሚችል አስቀድመው ያውቃሉ።

የእኔ ግምት የሚወርድ ነው። ጠርሙስ አትክተት ያልኩህም ለዚህ ነው። ስታውቱን የጠመቅክበት ዕቃ፣ የመቅጃው ቱቦ፣ ጠርሙሶቹ፣ አንዱ ላይ ሌላ እርሾ ተደብቆ ሊኖር ይችላል። ያ እርሾ ማልቶትራዮሱን ጠርሙስ ውስጥ ካገኘው ይበላዋል። ሒሳቡን ተመልከት። እያንዳንዱ የግራቪቲ ነጥብ ወደ ግማሽ ቮልዩም ጋዝ ይሰጣል፤ አንድ ቮልዩም ማለት በአንድ ሊትር ቢራ አንድ ሊትር ጋዝ ነው። 4 ነጥብ ማለት 2 ቮልዩም ነው። ለአረፋ ብለህ የምትጨምረው ስኳር ደግሞ፣ ቢራው ውስጥ ቀድሞ ካለው ጋዝ ጋር፣ 2.5 ቮልዩም ገደማ ያመጣል። ድምሩ 4.5 ነው። ተራ የቢራ ጠርሙስ ከ3 እስከ 3.5 በላይ ሲሄድ አላምነውም። ቁም ሣጥን ውስጥ የፈነዳ ጠርሙስ ሌሎቹንም ይዞ ይሄዳል። ብርጭቆ ዓይን ውስጥ ከገባ ቀልድ አይደለም።

እኔ ብሆን፣ ሙከራው ከወረደ፣ ዩኤስ-05 እጨምርበት ነበር። ግን ደረቅ እርሾ ከፓኬት በቀጥታ አትበትንበት። ቢራው ውስጥ 4.5 በመቶ ገደማ አልኮል አለ፣ ኦክስጅን የለም፣ የቀረውም ስኳር የሚያጓጓ አይደለም። ገና ከእንቅልፉ የነቃ እርሾ በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ሥራ አይጀምርም። ግማሽ ሊትር ውሃ ውስጥ 50 ግራም ደረቅ የብቅል ኤክስትራክት አፍላና አቀዝቅዝ፣ እርሾውን እዚያ ጀምረው። አረፋው ሲነሳ፣ እየሠራ እያለ ቢራው ላይ አፍስሰው። ሙቀቱን 20 ዲግሪ አካባቢ ያዘው። ከዚያ ተወው። ሦስት ቀን ተለያይተው የተወሰዱ ሁለት ንባቦች አንድ ከሆኑ አልቋል።

አንድ ነገር ብቻ እንዳታደርግ። ሱቅ ውስጥ ግሉኮአሚሌዝ የሚባል ኢንዛይም ይሸጡልሃል። ዴክስትሪኑን ሁሉ ወደ ግሉኮስ ይሰባብረዋል። ጣፋጭነቱ በእርግጥ ይጠፋል፤ ቢራው ግን 1.000 ድረስ ወርዶ ሊቆም ይችላል። ላይት ቢራ የሚሠሩት በዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ብሩት አይፒኤ የሚባለው ደረቅ ቢራ ሲወጣም ዘዴው ይኸው ነበር። እዚያ ላይ ታስቦበት ነው። የአንተ ክሪስታል የበዛበት ቢራ ላይ ግን ቀጭን ውሃ ላይ የተቃጠለ ስኳር ሽታ ይቀርሃል።

በጣም ዝቅ ማለትም የራሱ ችግር አለው፤ አንድ ቀን ስለሚገጥምህ ባጭሩ ልንገርህ። አንዳንድ እርሾዎች፣ ለምሳሌ ቤል ሴዞን፣ ያንን ኢንዛይም ራሳቸው ያመነጫሉ። ዴክስትሪኑን ቀስ እያሉ ለሳምንታት ይበሉታል። ሴዞን በሚባለው የቤልጂግ ቢራ ላይ ደስ ይላል፤ 1.004 ላይ የቆመ፣ በጋዝ የተሞላ፣ ጉሮሮ የሚያፀዳ ቢራ ይወጣል። ይኸው እርሾ የፔል ኤል ዕቃህ ላይ ከተረፈ ግን ችግር ነው። እንዲህ ያለ እርሾ የነካውን ቱቦ እኔ እጥለዋለሁ፤ አዲስ ቱቦ ከፈነዳ ጠርሙስ ይረክሳል። ቢራህ ያለ ምክንያት 1.004 ከገባና ከኮመጠጠም፣ ያ አብዛኛውን ጊዜ እርሾ አይደለም፤ ባክቴሪያ ነው።

ደግሞ ፋይናል ግራቪቲን ብቻውን አትይ። 1.012 ላይ የቆሙ ሁለት ቢራዎች አስብ። አንዱ ከ1.040 ነው የተነሳው፤ አልኮሉ 3.7 በመቶ አካባቢ ነው። ሌላው ከ1.080፤ አልኮሉ 9 በመቶ ሊደርስ ምንም አልቀረው። የመጀመሪያው ከትንሽነቱ አንጻር ወፍራም ነው። ሁለተኛው ደግሞ ለክብደቱ ደረቅ ነው፤ አልኮሉ ያሞቃል፣ እሱ ራሱ ትንሽ የጣፋጭነት ስሜት ይሰጣል። ቤልጂጎች ትሪፕል የሚሉትን ቢራ እንዲህ ነው የሚሠሩት። ከእህሉ ከፊሉን አውጥተው ተራ ስኳር ይከቱበታል። ስኳር ጨምሮ ቢራን ማድረቅ መጀመሪያ ስትሰማው ግር ይላል። ስኳሩ ግን መቶ በመቶ ይበላል፣ ዴክስትሪን አይተውም።

ወደ ፔል ኤልህ ልመለስ። እርሾው 1.012 ቢያወርድልህም ሆፕሱ እንደጎደለ ነው። የሆፕስ ምሬት በጠብታ የሚሸጥ ኤክስትራክት አለ። ከመላው በርሜል በፊት በብርጭቆ ሞክር። 250 ሚሊ ሊትር ቢራ ቅዳ፣ አንድ ጠብታ ጨምር፣ ቅመስ። ሁለተኛ ጨምር፣ ቅመስ። ጣፋጩ ከአፍህ ቶሎ ሲለቅ አቁም። ምሬቱ ራሱን ችሎ መታወቅ የለበትም፤ ከታወቀህ አንድ ጠብታ አልፈሃል። ከዚያ ለ19 ሊትር አባዛው። መጨረሻ ላይ መረር ስላለ ብቻ የሚጠላ ቢራ የለም፤ ምሬት አልወድም የሚሉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠሉት ያለ ቦታው የገባ ምሬትን ነው። ጋዙንም ወደ 2.7 ቮልዩም ከፍ አድርገው። ፔል ኤል ይችለዋል።

ቀጣዩን ስትጠምቅ ብቅሉን በ65 ወይም በ66 ዲግሪ ዘፍዝፈው፤ በአንተ መለኪያ 150 ፋራናይት ማለት ነው። ክሪስታሉን ወደ ግማሽ ፓውንድ አውርደው። ሆፕሱን መመሪያው ባለው ልክ ተወው። ዊንድሰርን ከወደድከው አትጣለው፤ ግን መመሪያው ላይ ያለውን 1.011 አትጠብቅበት። ቴርሞሜትርህንም በሚፈላ ውሃ ፈትሸው። 2 ዲግሪ የሚሳሳት ቴርሞሜትር፣ 67 ነው ብለህ 69 ላይ እንድትዘፈዝፍ ያደርግሃል።

ስታውቱን አትንካው።